የዐዋቂ ሰው ጓንት
በዩኒቨርሲቲ የምርምር ላቦራቶሪ ከአደጋ ተጠብቆ ስለ መሥራት በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ስለ ላቦራቶሪ ሲነገር በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጣው ሥዕል ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በጠርሙሶችና በመስተዋት ቱቦዎች መካከል ቆሞ ሲመራመር ነው። ቦታው ንጹሕና ጸጥ ያለ፥ የተማሩ ሰዎች የሚውሉበት ስለ ሆነ፥ እንደ ማዕድን ጉድጓድ ወይም እንደ ሕንፃ ሥራ አደጋ ያለበት መስሎ አይታየንም። ግንበኛው ከመወጣጫው እንዳይወድቅ እንሠጋለን፤ ሹፌሩ መንገድ እንዳይስት እንጨነቃለን፤ ልጃችን በዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሆነ ሲሉን ግን «እንኳን ደስ ያለን» ብለን ከዚያ ወዲያ ሥጋት አይገባንም። የዛሬው ንግግራችን ይህ እምነት ስለ ምን ልክ እንዳልሆነ፥ ይልቁንም ዕውቀት ብቻውን ዐዋቂውን ከአደጋ የማያድነው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ስለ ዛሬው ጉዳይ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት በዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን ጧት መምህራችን «አሲድን ወደ ውኃ ጨምሩ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አትጨምሩ» ብለው ነገሩን፤ እኛም በየደብተራችን ጽፈን ከሥሩ መስመር አሰመርንበት። ከሰዓት በኋላ በተግባር ሥራ ላይ ከእኔ ጋራ የተመደበው ጓደኛዬ ብርቱውን የሰልፈሪክ አሲድ አስቀድሞ በብርጭቆው ቀዳና ውኃውን አፈሰሰበት። ወዲያው ፈልቶ ተረጨ። አንዲት ፍንጣሪ በእጄ ጀርባ ላይ የተወችው ምልክት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ጓደኛዬ ደንቡን አያውቅም አይባልም፤ በደብተሩ ጽፎታል። ደብተሩ ግን በቦርሳው ውስጥ ነበረ፤ እጁ ደግሞ ከብርጭቆው ላይ። በላቦራቶሪ ከሚደርሰው አደጋ ብዙው የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከሩቅ አገር የምጠቅሳቸው ምሳሌዎች ሁሉ ስለዚሁ ክፍተት የሚናገሩ ናቸው። ዓመታቱም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመጀመሪያው ምሳሌ በአሜሪካ አገር በኒው ሃምፕሺር ግዛት ከሚገኘው ከዳርትመዝ ኮሌጅ ነው። ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በዚህ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። የምርምራቸው ዋና ጉዳይ መርዝነት ያላቸው ብረታ ብረቶች በሰው አካል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስለ መርዝ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በኦገስት 14 ቀን 1996 ፕሮፌሰሯ ዳይሜቲል ሜርኩሪ ከተባለ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ጥቂት ቀድተው ወደ አንዲት ቀጭን ቱቦ ያስገቡ ነበር። ይህም የምርምር መሣሪያቸውን ልክ ለማስተካከል የሚያገለግል ነበር። ዐይናቸውን በመነጽር ጋርደዋል፤ እጃቸውን በላቴክስ ጓንት ሸፍነዋል፤ የሚሠሩትም ትነትን እየሳበ በሚያስወጣው መምጠጫ ሣጥን ውስጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ጥንቃቄ የተባለውን ሁሉ አድርገዋል ማለት ነው። በሥራው መካከል ግን ከመቅጃው ጫፍ አንድ ወይም ጥቂት ጠብታ በጓንታቸው ላይ ወደቀ። ሥራቸውን ጨርሰው፥ ቦታውን አጽድተው፥ ጓንታቸውን አወለቁ። ሕመም የለም፤ ማቃጠል የለም፤ በቆዳቸው ላይም የታየ ምልክት አልነበረም።

አበው «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር የተባለ ይመስላል። ከአምስት ወር በኋላ፥ በጃንዋሪ 1997፥ ፕሮፌሰሯ ሲራመዱ ሚዛናቸውን ይስቱ፥ ሲናገሩም ይንተባተቡ ጀመር። ደማቸው ሲመረመር በ1 ሊትር ውስጥ 4,000 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘ። በጤነኛ ሰው ደም የሚገኘው ከ1 እስከ 8 ማይክሮግራም ሲሆን፥ ከ200 በላይ ከሆነ እንደ መመረዝ ይቈጠራል። ሐኪሞች ሜርኩሪውን ከሰውነታቸው ለማውጣት ብዙ ደከሙ፤ ነገር ግን መርዙ አስቀድሞ ወደ አንጎል ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በጁን 8 ቀን 1997 በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። መርዙ መቼ እንደ ገባም የታወቀው ከሁለት ምስክሮች ነው፤ አንደኛው የሥራ ማስታወሻ ደብተራቸው፥ ሁለተኛው የራስ ጠጉራቸው። ጠጉር ሲያድግ በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ እየያዘ ስለሚሄድ፥ እንደ መዝገብ ወደ ኋላ ተነበበ፤ ከደብተሩ ቀንም ጋራ ተስማማ።

ታዲያ ጓንቱ ምን ሆነ? ተቀደደን? አልተቀደደም። ከአደጋው በኋላ ጓንቱ ሲፈተን ዳይሜቲል ሜርኩሪ የላቴክስ ጓንትን በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ዘልቆ እንደሚያልፍ ተረጋገጠ። ለዐይን የሚታይ ቀዳዳ የለም፤ ፈሳሹ ውኃ በሸማ እንደሚያልፍ በጓንቱ አካል ውስጥ ያልፋል። ላቴክስ ለውኃና ለደም እጅግ መልካም መከላከያ ነው፤ ለዚህ መርዝ ግን እንደሌለ ያህል ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው ፕሮፌሰሯ ገና በሕይወት ሳሉ ለዓለም ኬሚስቶች ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ ይህን ፈሳሽ መንካት ግድ ለሆነበት ሰውም ከብዙ ንብርብር ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ልዩ ጓንት፥ ከላዩም ሌላ ወፍራም ጓንት እንዲያደርግ ተመከረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዳይሜቲል ሜርኩሪ ገዳይነት አዲስ ነገር አልነበረም። በ1860ዎቹ ዓመታት በሎንዶን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች በዚሁ መርዝ ሞተዋል። መርዝነቱ ከ130 ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ያልታወቀው ግን ከመርዙና ከእጁ መካከል ያለው ስስ ነገር ምን ያህል እንደሚያስጥል ነው። ስለዚህ መርዙን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መከላከያውን መፈተን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያልተፈተነ መከላከያ ከመከላከያ ማጣት ይብስ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጓንት የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፥ ጓንት ያጠለቀ ግን ይተማመናልና።

ከዚህ የተነሣ የላቦራቶሪ ጥንቃቄ ሊቃውንት መከላከያዎችን በደረጃ ይደረድሯቸዋል። የመጀመሪያው ደረጃ «ይህ አደገኛ ነገር ለሥራው ግድ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ግድ ካልሆነ ይቀራል። ሁለተኛው፥ ጉዳቱ ያነሰ ምትክ መፈለግ ነው። ከፕሮፌሰሯ ሞት በኋላ ለዚያ መሣሪያ ማስተካከያ መርዝነታቸው ያነሰ ሌሎች የሜርኩሪ ውሕዶች እንዲያገለግሉ የተመከረው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው፥ አደጋውን ከሰው የሚለይ መሣሪያ ማበጀት ነው፤ የትነት መምጠጫ ሣጥን ከዚህ ይመደባል። አራተኛው የሥራ ደንብና ሥልጠና ነው። ጓንት፥ መነጽርና ካፖርት የሚመጡት በአምስተኛው፥ ማለት በመጨረሻው ደረጃ ነው። እኛ ከሩቅ ሆነን ስናይ ጥንቃቄ ማለት ጓንትና ካፖርት ብቻ ይመስለናል፤ እነዚህ ግን ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚቀሩት የመጨረሻ በሮች ናቸው። የመጨረሻ በር በመሆናቸው ይናቃሉ ማለት ግን አይደለም፤ የሚከተለው ምሳሌ ይህን ያስረዳል።

በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በዲሴምበር 29 ቀን 2008፥ በልደትና በዘመን መለወጫ በዓላት መካከል፥ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት የምርምር ረዳት ተርት ቡቲል ሊቲየም የተባለ ፈሳሽ በፕላስቲክ መርፌ እየሳበች ከጠርሙስ ወደ ሌላ ዕቃ ታዛውር ነበር። ይህ ፈሳሽ ክብሪት ሳይጫርበት፥ አየር ሲያገኘው ብቻ በራሱ የሚነድ ነው። ሲሳብ የመርፌው መግፊያ ከቤቱ ወጣ፤ ፈሳሹም ፈሰሰና ነደደ። ወጣቷ የለበሰችው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሹራብ ነበር፤ እንዲህ ያለው ልብስ እሳት ሲይዘው እየቀለጠ ከሥጋ ጋራ ይጣበቃል። የላቦራቶሪ ካፖርት አልለበሰችም። ባልደረባዋ እሳቱን ለማጥፋት በካፖርቱ ሊያፍናት ሞከረ፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተዘጋጀው የአደጋ ሻወር ግን በቅርብ እያለ አልተከፈተም። ከ18 ቀን በኋላ፥ በጃንዋሪ 16 ቀን 2009፥ በሆስፒታል ሞተች።

ይህ ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ ልዩ ትርጉም ያለው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ነገር ነው። ከአደጋው ሁለት ወር በፊት፥ በኦክቶበር 2008፥ የዩኒቨርሲቲው ተቈጣጣሪዎች ያንኑ ላቦራቶሪ ጎብኝተው ነበር። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች የላቦራቶሪ ካፖርት እንደማይለብሱ አይተው፥ ከሌሎች ጉድለቶች ጋራ በጽሑፍ አስታወቁ። ጉድለቱ ታውቋል፤ ተጽፏል፤ ተልኳል። ነገር ግን ያ ደብዳቤ ካፖርት ሆኖ በማንም ትከሻ ላይ አልወጣም። ክቡራን አንባብያን፥ ከመካከላችን «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ወጥቶ፥ ግልባጩም ለየክፍሉ ታድሎ፥ ከዚያ በኋላ በማኅደር ውስጥ የተኛ ደብዳቤ ያላየ ማን አለ? ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ደብዳቤ የሚያስከትለው የሥራ መጓተትን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን እንዲህ ያለውን ኀዘን ያስከትላል።

ከዚያም ወዲህ ነገሩ በመንግሥት ተመርምሮ ዩኒቨርሲቲው የገንዘብ መቀጫ ተጣለበት፤ በ2011 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎችና በላቦራቶሪው ኀላፊ ላይ የወንጀል ክስ ቀረበ። የክሱ ነገር በስምምነት አለቀ፤ ከስምምነቱም አንዱ በሟቿ ስም 500,000 ዶላር ለተማሪዎች የሕግ ትምህርት መርጃ እንዲውል ነበር። ዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ጥንቃቄን የሚያጠና ማዕከልም አቋቋመ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከ500,000 ዶላር በፊት የአንድ ካፖርት ዋጋ ይበቃ ነበር ብሎ ማሰብ አይቀርም።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በማርች 16 ቀን 2016 በዚያ አንዲት ተመራማሪ በባክቴርያ ላይ ለሚደረግ ምርምር ሃይድሮጅን፥ ኦክሲጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀሉበት 49 ሊትር በሚይዝ ታንክ ትሠራ ነበር። ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን አብረው በታመቁበት ስፍራ አንዲት ብልጭታ ብቻ ትበቃለች። ታንኩ ፈነዳ፤ ተመራማሪዋም አንድ እጇን አጣች። ያ ከላይ የጠቀስነው የካሊፎርንያ ማዕከል መርምሮ እንደ ደረሰበት፥ ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ የግፊት መለኪያው እንዲህ ላለው ጋዝ የሚስማማ አልነበረም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፥ ከታላቁ ፍንዳታ በፊት በትንሽ ታንክ ውስጥ ትንሽ ፍንዳታ ደርሶ፥ ማንንም ሳይጎዳ አልፎ ነበር። ለአለቃም ተነግሮ ነበር፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

በአማርኛ «ለጥቂት ተረፈ» እንላለን፤ ይህንም ብለን እግዚአብሔርን አመስግነን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ወደ ሥራ መመለሱ ግን ገና ነው። ለጥቂት የተረፈ ሰው ደብዳቤ እንደ ደረሰው ሰው ነው፤ ከፍቶ ማንበብ አለበት። ስለዚህ በመልካም ላቦራቶሪ ውስጥ ማንም ሳይጎዳ ያለፈ ትንሽ አደጋ፥ እንደ ትልቅ አደጋ ተመዝግቦ፥ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራው ይቆማል። ይህም የሚሆነው ያስታወቀው ሰው «አንተ ምን ነካህ?» ተብሎ የማይወቀስ፥ ይልቁንም የሚመሰገን ሲሆን ነው። ጥፋቱን የሚደብቅ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የተፈጠረው በሚቈጣ አለቃ ነው።

አራተኛው ምሳሌ የላቦራቶሪ አደጋ በግድግዳ እንደማይታገድ ያሳያል። የፈንጣጣ በሽታ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በኦገስት 1976 ነው፤ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በኦክቶበር 1977 በጎረቤታችን በሶማሊያ ተገኘ፤ እርሱም ዳነ። በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ በየገጠሩ በእግርና በበቅሎ የተዞረበት ያ ታላቅ ዘመቻ በድል ተፈጸመ ሲባል፥ በ1978 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የምትሠራ አንዲት ፎቶግራፍ አንሺ በፈንጣጣ ታማ በሴፕቴምበር 11 ቀን ሞተች። ይህች ሴት ተመራማሪ አልነበረችም፤ የፈንጣጣ ቫይረስ ይጠናበት ከነበረው ላቦራቶሪ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ፎቶግራፍ የምታጥብ ሠራተኛ ነበረች። ቫይረሱ ከዚያ ላቦራቶሪ መውጣቱ ታወቀ፤ በየት በኩል ወደ እርሷ እንደ ደረሰ ግን አከራካሪ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱን የያዙ ላቦራቶሪዎች እየተቀነሱ በዓለም ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንዱ በአሜሪካ፥ አንዱ በሩስያ።

እንግዲህ ላቦራቶሪ የተመራማሪው ብቻ አይደለም። ወለሉን የምታጸዳው ሴት፥ ቈሻሻውን የሚያወጣው ሰው፥ ማታ የሚጠብቀው ዘበኛ፥ ፎቁ ላይ የሚጽፈው ጸሐፊ ሁሉ ተካፋዮች ናቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር ተመራማሪው ያውቀዋል፤ የምታጸዳው ሴት ግን የምታውቀው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያውም በምታነበው ቋንቋ ከተጻፈ። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ በላቦራቶሪ ውስጥ ትልቅ በደል የሚባለው ስለዚህ ነው። በቀይ ክፈፍ ውስጥ የሚታዩት የእሳት ነበልባል፥ የራስ ቅልና እጅን የሚያቃጥል ፈሳሽ ሥዕሎችም በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ለዓለም ሁሉ አንድ እንዲሆኑ የተደረጉት፥ ቋንቋው የማይገባው ሰው እንኳ አይቶ እንዲሸሽ ነው።

አሁን በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ዋና ዋና ደንቦች ከነምክንያታቸው በአጭሩ እንጥቀስ።

አንደኛ፤ በላቦራቶሪ ውስጥ መብላት፥ መጠጣት፥ ፈሳሽንም በአፍ መሳብ ክልክል ነው። እጅ የነካውን መርዝ ወደ ሆድ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ ምግብ ነውና። የቡና ሲኒም ሆነ የምሳ ዕቃ ከበር ውጭ ይቀራል፤ የላቦራቶሪ ማቀዝቀዣም የምሳ ማስቀመጫ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ዐይን ምትክ የለውም፤ ስለዚህ መነጽር የሚደረገው አደገኛ ሥራ ሲጀመር ሳይሆን ከበሩ ሲገባ ነው። ጎረቤትህ የሚሠራው ነገር ሊረጭህ ይችላልና። ዐይን በኬሚካል ከተነካ ሐኪም እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ ይገባል። 15 ደቂቃ ሲነገር አጭር ነው፤ ለሚታጠበው ሰው ግን ረጅም ስለ ሆነ፥ አጠገቡ ያለው ሰው ሰዓት ይዞ ያበረታታው።

ሦስተኛ፤ የትነት መምጠጫ ሣጥን የሚጠቅመው በአግባቡ ሲሠሩበት ነው። ሥራው ከሣጥኑ አፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይከናወናል፤ የመስተዋቱም መዝጊያ በተቻለ መጠን ዝቅ ይደረጋል። ሣጥኑ የጠርሙስ መደርደሪያ ከሆነ አየሩ መንገድ ያጣል። የኤሌክትሪክ ኀይል በተቋረጠ ጊዜም መምጠጫው ይቆማልና፥ ያን ጊዜ ጠርሙሱን ከድኖ፥ መስተዋቱን ዘግቶ፥ መብራት እስኪመጣ ከክፍሉ መውጣት ነው። «ጥቂት ቀርቶኛል» ማለት አይገባም።

አራተኛ፤ የጋዝ ሲሊንደር ሁልጊዜ ከግድግዳ ጋራ በሰንሰለት ይታሰራል። ውስጡ በብርቱ ግፊት የታመቀ ስለ ሆነ፥ ወድቆ አንገቱ ቢሰበር እንደ ተተኰሰ መድፍ ግድግዳ ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል። የፈሳሽ ናይትሮጅን ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ 1 ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል። ቀለምና ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክሲጅኑን ገፍቶ ያስወጣና ሰውን ሳያስነቃ ይጥለዋል። የወደቀውን ለማንሣት የሚገባውም እንደዚያው ሊወድቅ ይችላል።

አምስተኛ፤ ጠርሙሶች በፊደል ተራ ሳይሆን በጠባያቸው ይለያዩ። ናይትሪክ አሲድ ከአልኮልና ከመሰሎቹ ጋራ ቢቀላቀል እሳት ወይም ፍንዳታ ያመጣል፤ ስለዚህ በመደርደሪያም፥ በቈሻሻ ጣሳም አይገናኙም። ኤተር የተባለው ፈሳሽ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ እየቆየ የሚፈነዳ ነገር በውስጡ ስለሚፈጥር፥ የተከፈተበት ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

ስድስተኛ፤ አደገኛ ሥራ ለብቻ አይሠራም። በበዓል ቀን ወይም በሌሊት ላቦራቶሪው ጸጥ ሲል ለሥራ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ሻወሩን የሚከፍት፥ ሐኪም የሚጠራ ሰው የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው።

ሰባተኛ፤ መውጫው፥ ሻወሩ፥ የዐይን ማጠቢያውና የእሳት ማጥፊያው የት እንዳሉ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። በእሳት የተያዘ ሰው አያስብም፤ እጁና እግሩ የለመዱትን ብቻ ያደርጋል። ደንብ ከደብተር ወጥቶ ወደ እጅ የሚገባው በልምምድ ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ «እኔ በጽሕፈት ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ ሁሉ ምን ይመለከተኛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ከላይ የተናገርናቸውን ደረጃዎች መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ተማሪው በገዛ እጁ የሚፈጽመው የመጨረሻዎቹን ነው። የፊተኞቹን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። በጨረታ ጊዜ «ጓንት፥ 500 ጥንድ» ብሎ የሚጽፍ የግዢ ሠራተኛ፥ ለምን ዓይነት ኬሚካል የሚያገለግል ጓንት እንደ ሆነ ካልጠየቀ፥ በርካሽ ዋጋ የተገኘው ጓንት የፕሮፌሰሯን ጓንት ሊሆን ይችላል። የመምጠጫው ሣጥን ሞተር ቢበላሽ የጥገናውን ወረቀት የሚፈርመው ወይም የሚያቆየው የበጀት ኀላፊው ነው። በግምጃ ቤት ስሙ የጠፋ ጠርሙስ ሲያገኝ ወደ ጓዳው የሚመልሰው ወይም የሚያስታውቀው ግምጃ ቤት ጠባቂው ነው። የተቈጣጣሪውን ደብዳቤ ተከታትሎ «ተፈጽሟል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ወይም ከማኅደር የሚያስገባው ጸሐፊው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ፊርማ እንጂ አሲድ አይታይም፤ ሆኖም ፊርማው ከአሲዱ ጋራ የተያያዘ ነው።

ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጆችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ማርኩ ብቻ አይጠይቁት፤ «በምትሠራበት ላቦራቶሪ ሻወሩ ውኃ አለውን? ሞክራችሁት ታውቃላችሁን? ያልገባህን ነገር ብትጠይቅ ማን ይመልስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። እንዲህ ያለው ጥያቄ ልጁን ፈሪ አያደርገውም። መጠንቀቅ ፍርሃት አይደለም፤ ፈሪ ከላቦራቶሪ ይሸሻል፥ ጠንቃቃ ግን በላቦራቶሪ ውስጥ እስከ ሽምግልናው ድረስ ይሠራል። አገርም የሚጠቀመው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

ፕሮፌሰር ዌተርሃን ዕውቀት አላነሳቸውም፤ ትጋትም አላነሳቸውም። ያነሳቸው አስቀድሞ ጓንቱን የፈተነላቸው ሰው ነበር። በሎስ አንጀለስ የሞተችውን ወጣት ጉድለቱን ያየላት ሰው ነበራት፤ ያነሳት የታየውን ጉድለት እስከ መጨረሻው የተከታተለላት ሰው ነው። በሃዋይ ያለችው ተመራማሪም ምልክቱን አይታ ተናግራለች፤ ያነሳት የሰማት ሰው ነው። እንግዲህ ከአደጋ ተጠብቆ መሥራት የአንድ ሰው ብልኀት ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ ለሌላው የሚፈትንበት፥ የሚከታተልበትና የሚሰማበት ሥርዓት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አባቶቻችን «ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ይህንኑ ነው። ቅጠሏ የምትገኘው አንዳንድ ጊዜ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ፥ አንዳንድ ጊዜም ነገ ጧት ከፊታችን በምትቀርበው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው።